አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ፣ የጎርጎራው ግንበኛ ካህን

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ እንግዳ ጣና ሐይቅ ዳር ሲደርስ ጎርጎራን ያገኛል። በጎርጎራ የሚጎበኘው ብዙ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ሥዕሎቿ የታወቀችው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ናት፤ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የጀልባ ወደብ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሰፊ የመዝናኛ ሥፍራ ተከፍቶበታል። ከወደቡ በጀልባ ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ ወደ ሐይቁ ሰርጎ በገባ ምድር ላይ፣ በዛፍና በቁጥቋጦ መካከል የተሰነጣጠቀ ግንብ ብቅ ይላል። የአገሩ ሰው ማርያም ግንብ ይለዋል። ግማሹ ወድቋል፤ በቀረው ላይ ግን ከድንጋይ የተፈለፈሉ የአበባ ቅርጾች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ያነሷቸው ፎቶግራፎች የሚያሳዩት ክፍል ዛሬ ከምናየው ይበልጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ቁምስና ወጣቶችንና ካቴኪስቶችን ይዘን እዚያ ደርሰን ነበር። መንገድ ያሳየን አስጎብኚ ጨዋና ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። በፍርስራሹ ፊት አቁሞን፣ ይህን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በገዛ እጁ የገነባው ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለ የካቶሊክ ካህን እንደ ሆነ፣ ጎንደርን ያነጹትም የእርሱ ደቀ መዛሙርት እንደ ሆኑ በደስታ ነገረን። የወጣቶቹ ፊት በራ። እኛም በዘርዐ ክህነት ሳለን የተማርነውን እናስታውስ ስለ ነበር፣ የተባለው ሁለቱም ትክክል እንዳልሆነ እናውቅ ነበር። ቢሆንም ዝም አልን። ዝም ያልነው አስጎብኚውን ላለማሳፈር ነው ብለን ለራሳችን ነገርነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ንግግሩ ስለ ጣመን ነበር። በመመለሻው ጀልባ ላይ አንድ ካቴኪስት አባ ፓኤዝ መቼ እንደ ሞቱ ጠየቀን። በ1622 አልነው። ግንቡስ መቼ ተጀመረ? አለን ቀጥሎ። ከ1626 በኋላ ብለን መመለስ ግድ ሆነብን። ልጁ በጣቶቹ ቆጥሮ ወደ ሐይቁ ዞረ፤ ሌላ አልጠየቀንም።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያን ጊዜ ያልተናገርነውን ለመናገር ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1564 በስፔን አገር፣ ከማድሪድ ብዙ በማትርቅ ኦልሜዳ በምትባል አነስተኛ መንደር ተወለዱ። በ1582 ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። በ1588 ወደ ሕንድ ተላኩና ጎዋ ደረሱ። በማግሥቱ ዓመት፣ ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ወይም ሞልቷቸው ሳለ፣ በዕድሜ እጅግ ከሚበልጧቸው ከአባ አንቶኒዮ ደ ሞንሰራት ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ታዘዙ።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የነበሩት ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነበሩ። በ1541 ከክሪስቶፎር ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ዘሮች፣ ከኢትዮጵያውያት እናቶች ተወልደው፣ አብዛኞቹ በአድዋ አጠገብ ፍሬሞና በምትባል ሥፍራ ይኖሩ ነበር። ስሟ ከአባታችን ከአባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ስም የተወሰደ ነው። ጳጳሳቸው አቡነ እንድርያስ ደ ኦቪዬዶ በ1577 በድህነት ዐርፈው እዚያው ተቀበሩ። የሚቀድስ ካህን ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ሄደ። ባሕሩ በቱርኮች እጅ ስለ ነበረ ምትክ መላክ የሞት ያህል ከባድ ነበር፤ በ1595 ምጽዋ ላይ የደረሱ አንድ ማሮናዊ ኢየሱሳዊ ካህን እዚያው ተገድለዋል።

ሁለቱ መነኮሳትም አልቀናቸውም። በ1590 መጀመሪያ በዐረብ ጠረፍ በዙፋር አቅራቢያ ተማረኩ። በሐድራሞት በረሃ በእግርና በግመል ተነድተው ወደ ሰንዓ ተወሰዱ። ከስድስት ዓመት በላይ በእስር፣ በኋላም በመርከብ ላይ መቅዘፊያ በሰንሰለት ታስረው ኖሩ። በመጨረሻ በ1596 በቤዛ ተለቅቀው ወደ ጎዋ ተመለሱ። አባ ሞንሰራት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በ1600 ዐረፉ። አባ ፓኤዝ በእስር ሳሉ ዐረብኛ ተማሩ። ቡናንም ያን ጊዜ ቀመሱ፤ በየመን ሰዎች በሙቅ ውኃ አፍልተው ስለሚጠጡት ስለዚህ መጠጥ ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን አንዱ እርሳቸው ናቸው። የቡናን አገር ለመድረስ ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀራቸው ነበር።

በ1603 የአርመን ነጋዴ ልብስ ለብሰው፣ ዐረብኛቸውን ተማምነው፣ ምጽዋ ወረዱ፤ በግንቦት ወርም ፍሬሞና ገቡ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን፤ የእርሳቸውን ነገር ለካቴኪስቶቻችን ቅርብ የሚያደርገው ክፍል ይህ ነውና። አባ ፓኤዝ ፍሬሞና እንደ ደረሱ ወደ ቤተ መንግሥት አልሮጡም። ግእዝንና አማርኛን ለመማር ተቀመጡ። ከዚያም በፖርቱጋል ልጆች ይማሩበት የነበረውን በጥያቄና በመልስ የተዘጋጀ ትምህርተ ክርስቶስ፣ የፖርቱጋሎች አለቃ የነበረው ዮሐንስ ገብርኤል እየረዳቸው ወደ አማርኛ መለሱት። አብዛኛው መንፈሳዊ ጽሑፍ በግእዝ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። እናት በምድጃ ዳር ለልጇ በምትናገርበት ቋንቋ የሃይማኖትን ነገር መጠየቅና መመለስ ተቻለ። ልጆቹ ቃል በቃል አጠኑት።

የትምህርቱ ዝና ለአፄ ዘድንግል ደረሰና በ1604 አባ ፓኤዝ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠሩ። ይዘዋቸው የሄዱት ከሕንድ የመጣ ስጦታ ወይም የጦር መሣሪያ አልነበረም፤ ሁለት ልጆች ነበሩ። በንጉሡና በሊቃውንቱ ፊት ልጆቹ ሲጠየቁ መለሱ። ንጉሡ እጅግ ተደነቁ። አባ ፓኤዝ እንዲቀድሱና እንዲሰብኩ ፈቀዱ፤ ከዚያም አልፈው ወደ ሮም ሊጽፉ፣ የቀዳሚት ሰንበትንም አከባበር በአዋጅ ሊከለክሉ ተነሡ። አባ ፓኤዝ ነገሩ በዝግታ እንዲሆን መከሩ፤ ንጉሡ ግን ቸኮሉ። ራስ ዘሥላሴና ሌሎች መኳንንት ሸፈቱ፤ አቡነ ጴጥሮስም ሠራዊቱን ከታማኝነት መሐላው ፈቱት። አፄ ዘድንግል በዚያው ዓመት በባርጫ ሜዳ ላይ ተገደሉ። አባ ፓኤዝ ይህን ለዕድሜያቸው ሙሉ የሚበቃ ትምህርት አድርገው ያዙት ብለን እናስባለን፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ግን አልያዙትም።

ከሦስት ዓመት የእርስ በርስ ውጊያ በኋላ በ1607 አፄ ሱስንዮስ ነገሡ። ከአባ ፓኤዝ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት እስከ ሞት የዘለቀ ነበር። በጣና ዳር በጎርጎራ ለካህናቱ መሬት ሰጡ፤ ራሳቸውም ጥቂት ቆይተው በዚያው አካባቢ ከተሙ።

ከተሙ ስንል ግን የዛሬው ከተማ በአንባቢ ዐይን እንዳይመጣ። የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት መኖሪያ በአመዛኙ ድንኳን ነበር። ክረምት ሲገባ ይሰፍራሉ፤ በጋ ሲሆን ለዘመቻ ይነሣሉ። የማገዶ እንጨት ሲያልቅ፣ ወረርሽኝ ሲገባ ወይም ጠላት ሲነሣ ከተማው እንዳለ ተነቅሎ ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ ዓይነት ኑሮ ውስጥ በ1614 ገደማ በጎርጎራ በሐይቁ ዳር የድንጋይ ቤተ መንግሥት ቆመ። ያሠሩት ንጉሡ፣ የሥራው መሪም አባ ፓኤዝ ነበሩ።

አባ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ለግንበኝነት የተላኩ ሰው አልነበሩም። ሥራው ግን ከእጃቸው አላመለጠም። ለድንጋይ መጥረቢያ የሚሆን መዶሻና መሮ እንዴት እንደሚሠራ ለአንጥረኞች አሳዩ፤ ድንጋዩ በምን ማዕዘን እንደሚመታ ለጠራቢዎች አሳዩ፤ እንጨቱን ከአናጢዎች ጋር ጠረቡ። ቤቱ ፎቅ ነበረው፤ ደረጃ ነበረው፤ ከላዩም ወጥቶ ሐይቁንና አገሩን የሚያዩበት ሰገነት ነበረው። ቤት በቤት ላይ እንዴት ይሠራል? ብሎ የተጠራጠረው ሕዝብ ግንቡ ሲያልቅ ለማየት ከሩቅ ይመጣ እንደ ነበር የማኅበሩ ጸሐፊዎች ተርከዋል። የዛሬው ቱሪስት ወደ ጎርጎራ ከመምጣቱ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጎርጎራ ጎብኚ ነበራት ማለት ነው።

ለኢትዮጵያውያን ድንጋይ መጥረብን ያስተማረ ፈረንጅ ነው የሚል አነጋገር አልፎ አልፎ እንሰማለን። ይህ የአክሱምን ሐውልትና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለሠራ ሕዝብ ስድብ ነው፤ አባ ፓኤዝን የሚያከብር የሚመስለው ሰው ይህን ባይናገር ይሻላል። አባ ፓኤዝ ያደረጉት ሌላ ነው። ለብዙ ጊዜ በድንኳን ለኖረ ቤተ መንግሥት በአንድ ሥፍራ ጸንቶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው አሳዩ።

ከዚያም በ1618 ገደማ ካህናቱ በሰፈሩበት በአሮጌው ጎርጎራ በተጠረበ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመሩ። በእርግጥ የአባ ፓኤዝ የምንለው ቤተ ክርስቲያን ይህ ነው። አሮጌው ጎርጎራ ደግሞ ማርያም ግንብ ካለበት ሥፍራ የተለየ ነው።

ሁለቱ ሕንፃዎች የተለያየ ዕጣ የገጠማቸው በምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ ኖራ ነው። አባ ፓኤዝ ሲገነቡ በአገሩ ለግንብ የሚሆን የኖራ ድንጋይ መኖሩ ገና አልታወቀም ነበር። ድንጋዩን የሚያያይዘው ጭቃ ነበር። ጭቃ ጣሪያ እስካለው ድረስ ይጸናል፤ ጣሪያው ሲወድቅና የጣና ክረምት ሲገባበት ግን ከድንጋዩ መካከል እየታጠበ ይወጣል፤ ግድግዳውም ይለቀቃል። የኖራ ድንጋይ በ1620ዎቹ ሲገኝ፣ ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎችም አቃጥሎ ማቡካቱን ሲያሳዩ፣ በአዲሱ ጎርጎራ፣ በደንቀዝ፣ በአዘዞም የተሠሩት ግንቦች በኖራ ተሠሩ። ስለዚህ አባ ፓኤዝ ያልሠሩት ቆሞ ይታያል፤ የሠሩት ወድቋል። እንግዳ የሚያየው የቆመውን ነው፤ ስምም የሚሰጠው ለሚያየው ነው። የአስጎብኚዎቹ ስሕተት የመጣው ከዚህ ይመስለናል።

በዚሁ በ1618 በሚያዝያ ወር ከንጉሡ ጋር በዘመቻ ሳሉ ሰከላ ወርደው የዓባይን ምንጭ በግሽ አዩ። በዐይኑ አይቶ የጻፈ የመጀመሪያው አውሮፓዊ በመሆናቸው በዓለም የሚታወቁት በአብዛኛው በዚህ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው ደርሶ፣ ቀድሞኝ ያየ የለም ብሎ ተከራክሯል። የግሽ ገበሬዎች ሁለቱንም ሳይጠብቁ ከምንጩ ይጠጡ ስለ ነበር እኛ በዚህ ክርክር አንገባም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ያልተነገረለትን መጽሐፋቸውን እናንሣ። በ1610 እና በ1611 በስፔን በቫሌንሲያ ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባሉ ዶሚኒካዊ መነኩሴ ስለ ኢትዮጵያ ሁለት መጻሕፍት አሳተሙ። እርሳቸው ኢትዮጵያን አላዩም። የነገራቸው ዮሐንስ ባልታሳር የሚባል፣ ከኢትዮጵያ መጣሁ ያለ ሰው ነበር። በመጻሕፍቱ ውስጥ ኢትዮጵያ በወርቅና በዕንቍ የተጌጡ ቤተ መንግሥቶች፣ በግሸን አምባም ተቈጥረው የማያልቁ መጻሕፍት የሞሉበት ቤት፣ ሺህ በሺህ የሚቈጠሩ መነኮሳት ያሉባቸው የዶሚኒካውያን ገዳማት ነበሯት። ሕዝቧም ከጥንት ጀምሮ ከሮም ጋር አንድ እንደ ነበረ ተጽፎባቸዋል። የሚያነብበው ሁሉ ደስ አለው። ለኢትዮጵያም ክብር ይመስል ነበር፤ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ክብር ይመስል ነበር።

አባ ፓኤዝ የማኅበራቸው አለቆች አዝዘዋቸው መልስ ለመጻፍ ተቀመጡ። የነገሥታቱን ታሪክና የቅዱሳኑን ገድል ከግእዝ እያነበቡ፣ በቤተ መንግሥት ያሉትን ሽማግሌዎችና መነኮሳቱን እየጠየቁ፣ ራሳቸው ያዩትን ካላዩት እየለዩ፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጻፉ። የወርቁን ቤተ መንግሥት አፈረሱት። በምትኩ ድንኳኑን፣ የሣር ክዳኑን፣ የዘመቻውን ከተማ፣ ሕንፃ በሚሠራበት ጊዜ ያለውን ድካም እንዳለ አስቀመጡ። የካቶሊክ ገዳማት የተባሉትም እንደሌሉ በግልጽ መሰከሩ። መጽሐፉ የሞታቸው ዓመት እስኪደርስ በእጃቸው ነበረ። እንግዲህ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ደስ የሚያሰኝ ሐሰትን ለማረም የሰጡ ሰው፣ ዛሬ በጣና ዳር ራሳቸው ደስ በሚያሰኝ ሐሰት መሞገሳቸውን ስናስብ፣ በጀልባው ላይ የነበረው ዝምታችን ይበልጥ ይከብደናል።

ያ መጽሐፍ ሳይታተም በጽሑፍ ቤት ተቀምጦ ቆየ። የታተመው በ1905 እና በ1906 በሮም ነው፤ በ2011 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ዛሬ ስለ ዘመኑ የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ፣ ካቶሊክ ቢሆን ባይሆን፣ ይጠቀምበታል።

አፄ ሱስንዮስ በ1622 መጀመሪያ የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ አሳወቁ፤ ከመጀመሪያይቱ ሚስታቸው በቀር ሌሎቹን አሰናበቱ፤ ለአባ ፓኤዝም ተናዘዙ። አባ ፓኤዝ ከዚያ ወደ ጎርጎራ ሲመለሱ ንዳድ ያዛቸው። በግንቦት ወር በአምሳ ስምንት ዓመት ዕድሜ ገደማ ዐረፉ፤ በጎርጎራም ተቀበሩ። ንጉሡ እንደ አባት አለቀሱላቸው።

ከእርሳቸው በኋላ የሆነውን ማሳጠር ይቻላል፤ መዝለል ግን አይቻልም። በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ መጡ። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም መታዘዝን በመሐላ ተቀበሉ። ከዚያ የተጠመቀው ሕዝብ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ የተካኑት ካህናት ዳግመኛ እንዲካኑ፣ ታቦት የገባበት ቤተ ክርስቲያን ዳግመኛ እንዲባረክ፣ ጾሙና የበዓላቱ አቆጣጠር እንዲለወጥ ታዘዘ። የአባቶቹ ጥምቀት ከንቱ ነው የተባለ ሕዝብ ጦር ቢያነሣ ለምን ይደንቃል? ደም በየአውራጃው ፈሰሰ። በ1632 በሺህ የሚቈጠር ገበሬ ካለቀበት የወይና ደጋ ጦርነት በኋላ አፄ ሱስንዮስ ድል አድርገው ሳለ ልባቸው ተሰበረ። የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ሰጡ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። ኢየሱሳውያኑ ከቤተ መንግሥቱ አካባቢ ተባረሩ፤ ቀጥሎም ከአገር ወጡ።

ማርያም ግንብ የተሠራው በእነዚያ ዓመታት፣ ከ1626 በኋላ ነው። ያማረ ነው፤ አንክድም። በተገነባበት ጊዜ ግን በዙሪያው የነበረው ሕዝብ እንዴት አድርጎ ያየው እንደ ነበር ማሰብ ይገባል።

አባ ፓኤዝ ቢኖሩ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር የሚሉ አሉ። እኛ እንዲህ በእርግጠኝነት ለመናገር አንደፍርም። እርሳቸውም የሕዝቡን እምነት በንጉሡ በኩል ለመለወጥ ተስፋ ያደርጉ ነበር፤ የዘመናቸው አስተሳሰብ ነበረና። በእርሳቸው ጊዜም በቤተ መንግሥት ስለ ሁለቱ ባሕርያት የተደረገው ክርክር በአዋጅ እየታጀበ መጥቶ ነበር፤ በ1617 አቡነ ስምዖን የሞቱት በዚሁ በተነሣ ጦርነት ነው። የሚለዩአቸው ግን ቋንቋውን ማወቃቸው፣ መጠበቅ መቻላቸው፣ ከሚከራከሯቸው መነኮሳት ጋርም መጻሕፍት እየተዋዋሱ መቀመጣቸው ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስ ወደ አገራችን ሲመጡ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ በትሕትና የጀመሩት የፓኤዝን መንገድ እንጂ የሜንዴዝን አልነበረም።

ስለ ጎንደርም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ወጣቶቻችን በዚያም ጉዞ ስለሚያደርጉ። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቈረቈሩት በ1636 ነው። ኢየሱሳውያኑ ያን ጊዜ ተባረዋል። ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያለውን ፋሲል ግቢን ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚለው ወሬ እንግዲህ በዓመቱ ቁጥር ብቻ ይወድቃል። በ1648 ጎንደርን የጎበኘው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል ሐይሚ የንጉሡን ግንብ የሠራው ሕንዳዊ ባለሙያ መሆኑን ጽፏል። በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያንም በጎንደር ሥራ ላይ እጃቸው እንዳለበት ከጥንት የተነገረ ነው። በጎርጎራ፣ በደንቀዝና በአዘዞ ድንጋይ የጠረቡ ኢትዮጵያውያን እጃቸው የለመደውን ሙያ ይዘው ወደ ጎንደር መሄዳቸው ግን የሚታመን ነው። ይህን ያህል መናገር ይበቃል፤ ከዚህ የሚበልጠውን የሚጨምር ሰው የፋሲለደስን ክብር ወስዶ ለማይፈልገው ሰው ይሰጣል።

ከ2006 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ከስፔን የመጡ የከርሰ ምድር አጥኚዎች፣ ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ የእነዚህን ሥፍራዎች ፍርስራሽ ለክተዋል፤ በአዘዞም ቆፍረዋል። አሮጌው ጎርጎራም ከጥናታቸው ውስጥ ነው። እዚያ የሚታየው ጥቂት ነው። የጉብኝት ጀልባ የሚሄደው ወደ ማርያም ግንብ ነው፤ አሮጌው ጎርጎራ ዘንድ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ብዙ ነገር ስለማያገኝ ጎብኚ እምብዛም አይደርስም። የተጠረበ ድንጋይ በሣር ውስጥ ይገኛል።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ወጣቶቹን ይዘን ተመልሰን ልንሄድ አስበናል። በጣቶቹ የቈጠረው ካቴኪስት ከወዲሁ ስሙን አስመዝግቧል። ለአስጎብኚው መልእክት ልከን፣ ጀልባው ከማርያም ግንብ በኋላ ወደ አሮጌው ጎርጎራ እንዲያልፍ ጠይቀነዋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት እንደማያውቅ፣ ቢሆንም ሥፍራውን የሚያውቁ ገበሬ ፈልጎ እንደሚጠብቀን መልሶልናል።